«በደሟ ውስጥ» ስንል

«ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ያለ» እንላለን። ሬዲዮውም፣ ጎረቤቱም እንዲህ ነው የሚለው። መድኃኒቷን በሥርዓት ለምትወስድ ሴት ግን አባባሉ ልክ አይደለም። ደሟ ሲመረመር ቫይረሱ በመሣሪያ ሊታይ ከማይችልበት መጠን በታች ይወርዳል። ታዲያ የት ሄደ?

ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ መልሱ ቶሎ ገባኝ። ኤች አይ ቪ ዘረመሉን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ከሴሉ ዲኤንኤ መሃል ያስገባዋል። ለብቻው የተቀመጠ ፋይል ቢሆን ሰርዘነው እንገላገል ነበር፤ ይሄ ግን ዋናው ኮድ ውስጥ የገባ መስመር ነው። መድኃኒቶቹ የሚያስቆሙት ሥራውን ነው፤ መገልበጡን፣ መግባቱን፣ አዲስ ቫይረስ መሠራቱን። ሥራ ያልጀመረውን አይነኩትም። ዋናው መደበቂያው ደግሞ አስታዋሽ የሚባሉት የሲዲ 4 ሴሎች ናቸው፤ ያለፈ በሽታን አስታውሰው፣ ያው ጠላት እስኪመለስ ለዓመታት የሚያንቀላፉ። ረጅም ዕድሜ የተሰጣቸው እኮ እኛን እንዲጠብቁ ነበር!

ከእነዚህ ውስጥ ሊነቃ የሚችል ቫይረስ የያዘው ከሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ያቺ አንዷ ስትባዛ ግን ቫይረሱም አብሮ ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ክምችቱ በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ እንደሚፈጅ አስልቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ለማጥፋት ከ70 ዓመት በላይ ያስፈልጋል አለ። በ2013 ደግሞ አንዲት የሚሲሲፒ ሕፃን «ዳነች» ተብሎ ተወራ። መድኃኒት ካቆመች ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014 ቫይረሱ ተመለሰ።

አልዳነችም፣ ግን አታስተላልፍም። «ፓርትነር» የተባለው የአውሮፓ ጥናት ያለ ኮንዶም የሚገናኙ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ቫይረሱ በመድኃኒት ከተገታበት አጋር የመጣ አንድም ኢንፌክሽን አላገኘም። ለሠርግ የምርመራ ወረቀት የሚጠይቁ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ጋ ስትሄድ ግን ፈጣኑ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ይላታል፤ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነቷ የሠራውን አንቲቦዲ ነውና።

ታዲያ ለሚያገባት ሰው የመናገር ግዴታ አለባት?

«ተኛ እንጂ አልሞተም፤ መስመሩ እስካለ ዕዳውም አለ» የሚል ይኖራል። ቀላል ክርክር አይደለም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ እንደያዘው ይገምታል፤ አብዛኛው ላይ ተኝቶ ነው ያለው። ቲቢ ከነቃ በትንፋሽ ይተላለፋል። ለእሱ ወረቀት አምጣ የተባለ ሙሽራ አላውቅም። እንግዲህ የምንፈራው የተኛውን ነገር አይደለም ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት በአደጋ ስም ልንጠይቃት የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክኒኗን እንድትውጥ። ያንን እያደረገች ነው። ለባሏ መንገር ሌላ ጉዳይ ነው። አብሮ የሚያረጅ ሰው በየማታው ምን እንደምትውጥ ቢያውቅ ደስ ይለኛል፤ ቢያኮርፍም መብቱ ነው። ይሄ ግን የሁለቱ ጨዋታ ነው፣ የማኅተም ጉዳይ አይደለም።

ደግሞ ወረቀቱ የሚያመጣውን እንይ። የፈራች ሴት ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥታ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቃለች፤ ብልቃጡ ይንኳኳላ። አማት ሊጠይቁ መጥተው ሁለት ሳምንት ቢሰነብቱ፣ ቦርሳው የሚከፈትበት ሰዓት ይጠፋል። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ነው የሚነቃው።