ተግሣጽን ስለ መቀበል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ሳይቀጡት ያደገ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ጠቢቡ ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 3 አባት የሚወደውን ልጁን እንደሚገሥጽ ሁሉ እግዚአብሔርም የሚወደውን ሰው እንደሚገሥጽ ያስተምረናል። ቅዱስ ጳውሎስ ይህንኑ ትምህርት ለዕብራውያን ሲጽፍ (ምዕ. 12) ተግሣጽ የማይደርስበት ሰው ልጅነቱ ያጠራጥራል እስከ ማለት ይደርሳል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በጉባኤ ስንጠየቅም እጃችንን አውጥተን እንመልሳለን። ችግሩ ተግሣጹ በራሳችን ላይ የመጣ ዕለት ነው።

አንድ ዐቢይ ጾም ከዩኒቨርሲቲ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የገጠር ቤታችን ሄድሁ። ታላቅ ወንድሜ እኔ እንድማር ብሎ የራሱን ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ እርሻውን የያዘ ሰው ነው። በአንድ ተራ ነገር ተጋጭተን «አንተ መሃይም፣ ምን ታውቃለህ!» አልሁት። እናቴ ሰማች። የንስሐ አባታችን በመጡ ጊዜ ተናዘዝሁና ቀኖናዬን ተቀበልሁ፤ ለሰባት ቀን በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት፣ ከዚያም ወንድሜን በእናቴ ፊት ይቅርታ መጠየቅ። ስግደቱን በደስታ ጀመርሁ፤ እንዲያውም ጨመርሁበት። ይቅርታውን ግን ሳስበው ሆዴ ይረበሻል። «አባ፣ ስግደቱን እጥፍ ያድርጉልኝና ይቅርታው ይቅርልኝ» ብዬ ልለምናቸው ሁሉ አስቤ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ሰነፍ የተባለው ሥራ የሚጠላው ብቻ አይደለም፤ ተግሣጽን የሚጠላውም ነው። እኔም በስግደት ትጉህ፣ በተግሣጽ ሰነፍ ሆኜ ተገኘሁ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ወይፈን ይገራ ነበር። ወይፈኑ ከሸመገለ በሬ ጋር ይጠመዳል። መጀመሪያ ይዘላል፣ ይተኛል፣ ቀንበሩን ሊጥል ይታገላል። ሽማግሌው በሬ ግን ፈሩን ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል። ወይፈኑ በታገለ ቁጥር አንገቱ ይላጣል፤ ከጅራፉ ይልቅ የሚያቆስለው የራሱ እምቢታ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 31 ኤፍሬም ራሱን ካልተገራ ወይፈን ጋር አመሳስሎ ማልቀሱን የጻፈው እዚያ እርሻ ዳር ቆሜ ሳለ ገባኝ። ኤፍሬም በተቀጣ ጊዜ ከቀጪው አልሸሸም፤ ወደ ራሱ እንዲመልሰው ለመነው እንጂ።

የቅዱስ ያሬድ ታሪክም እንዲሁ ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የመምህሩን የአባ ጌዴዎንን ተግሣጽ ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ እየወደቀ እየተነሣ ዛፉን የሚወጣውን ትል አየ። ስለ ትሉ ብዙ ተሰብኳል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ከዚያ ተነሥቶ የሄደበት መንገድ ነው። ሌላ መምህር መፈለግ ይችል ነበር፤ የተመለሰው ግን ወደዚያው ወደ ገሠጸው ሰው ነው። ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ከእግሩ ሥር ተቀመጠ። (ይህን የምለው ዱላን ለማወደስ አይደለም። ዱላ ብቻውን ሊቅ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሊቃውንት በሆንን ነበር።)

ስለ ተግሣጽ ስንናገር አንድ ክፉ ልማድ አለብን። በራሳችን ሲደርስ «ፈተና ነው» እንላለን፤ በሌላው ሲደርስ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» እንላለን። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን፣ በጾመ ፍልሰታ፣ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ «ምን ኃጢአት ቢሠሩ ነው?» የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጌታችን ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር (ሉቃ. 13) እነርሱ ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጾ ንስሐን የጠየቀው በፊቱ ከቆሙት ሰሚዎቹ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው መከራውን ከኃጢአቱ ጋር ባያያዙ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ተቆጣቸው። ሰው የሠራውን ግድያ የእግዚአብሔር በትር ነው ማለት በእግዚአብሔር ላይ መዋሸት ነው። ልጆቿን ለቀበረች እናት ከእኛ የሚገባት አብሮ መቀመጥ፣ ጸሎትና እንጀራ ነው። ተግሣጽን እኔ ለራሴ እቀበላለሁ እንጂ ለጎረቤቴ የማድለው ነገር አይደለም።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። በሰባተኛው ቀን ማታ በሬዎቹን ፈትቶ ሲገባ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። አቧራ የለበሰ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ «ማረኝ» ብቻ አልሁት። እርሱም ክንዴን ይዞ አነሣኝና «ነገ ወይፈኑን ከፊት ሆነህ የምትመራልኝ አንተ ነህ» አለኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።