የማንነካው ፍሬን

ባለፈው ክረምት መጨረሻ የአጎቴ መኪና ከኋላ ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ናት፤ አዲስ ገዝቷት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። አጎቴ የሚኖረው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ማታ ግቢው ውስጥ ቻርጅ ላይ ይሰካታል፤ ጠዋት 100 ከመቶ ሞልታ ትጠብቀዋለች፤ የሰው ዕቃ ጭኖ ቁልቁል ወደ ከተማ ይወርዳል። እንጀራው እሷ ናት። ድምፁ የሚሰማው ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ነበር፤ አሸዋ በሁለት ብረት መሃል ሲፈጭ ዓይነት። ረፋድ ላይ ይጠፋል። "የቻይና ዕቃ አይደለች? ስትለምድ ትተወዋለች" እያለ ያሾፍ ነበር።

አልተወችም። አዲሱ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። በክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማዎቹን ፈታ። በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቀን የምናየው የዲስኩ የውጭ ፊት ምንም አልሆነም፤ ያበራል። ከዚያ በስልኩ መብራት የውስጡን ፊት አሳየን። ግማሹ ቀይ ዝገት፣ ግማሹ የተቦረቦረ፣ መሃሉ ላይ ብቻ የጣት ስፋት ያላት ንጹሕ መስመር። አጎቴ ደነገጠ። "እኔ እኮ ፍሬን አልረግጥም! ታዲያ ምን በላው?"

"ጋሼ፣ ሥራ በዝቶበት አይደለም የተበላው" አለ መካኒኩ። "ሥራ ፈትቶ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የነዳጅ መኪና ፍሬን ሲያዝ የፍሬን ሸራው ዲስኩን ይጨብጠዋል፣ ፍጥነቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሙቀቱ በነፋስ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን እግራችንን ከፔዳሉ ስናነሳ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል። ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፣ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ይመለሳል፣ መኪናዋም ትቀዘቅዛለች። ደስ የሚል ጥበብ ነው፤ ቁልቁለቱ ይከፍለናል። ዲስኩ ግን ብረት ነው። ዝናብ ሲነካው በአንድ ሌሊት ይዝጋል። በነዳጅ መኪና ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ጠርጎ ያነሳዋል። ማንም የማይረግጠው ሲሆን ዝገቱ በዝገት ላይ ይደራረባል። የኋላው ደግሞ ከፊተኛው ያነሰ ሥራ ስለሚደርሰው ይብስበታል። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምናየው የፎልክስዋገን አይዲ ፎር ከኋላ የተከደነ የድራም ፍሬን ይዞ የሚመጣው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው፤ ብዙም የማይሠራ ፍሬን ተሸፍኖ ቢቀመጥ ይሻላል ብለው።

ድምፁ ጠዋት ብቻ የሚሰማበትን ምክንያት መካኒኩ ሲነግረን ደግሞ ጨዋታው ሁሉ ቆመ። ጢም ብሎ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ይተዋል ወይም ይቀንሳል፤ ሥራው ለዲስኮቹ ይወርዳል። አጎቴ ዳገት ላይ አድሮ፣ 100 ከመቶ ሞልቶ፣ ዕቃ ጭኖ ቁልቁል የሚሄደው ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ የማያስፈልገው ፍሬን የሚያስፈልገው በዚያች ሩብ ሰዓት ነው። በሒሳብ እንየው፦ ከነጭነቷ 2,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና 400 ሜትር ከፍታ ስትወርድ፣ በነፋስና በጎማ የሚጠፋውን ትተን፣ የምትለቀው ጉልበት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ ከቀዝቃዛ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ያንን ሁሉ እሳት የሆነ ነገር መሸከም አለበት።

አጎቴ ሐሳብ አመጣ። "ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስላጨውስ?" መካኒኩ የዲስኩን ጠርዝ በጨርቅ ጠርጎ የተቀረጸ ቁጥር አሳየን፤ ዝቅተኛው ውፍረት 10 ሚሊሜትር። ለካው፤ 10.6። "ጉድጓዱ እስኪጠፋ ከተላጨ 9.5 ይገባል። ቀጭን ዲስክ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ሊሰነጠቅ ይችላል።" አዲስ ጥንድ ዲስክና ሸራ ደግሞ ከውጭ ታዝዞ ነው የሚመጣው፤ ሦስት ሳምንት። ሦስት ሳምንት የቆመች መኪና ዕዳ አትከፍልም። አጎቴ ተቆጣ። ቁጣው ግን ዝም ብሎ ጩኸት አልነበረም፤ ክርክር ነበረው። "በቀን አምስት ጊዜ የማልነካው ነገር እኮ ነው! ደግሞ ሹፌሩ እኔ፣ መኪናዋ የኔ፣ ነፍሱም የኔ። ምን አገባችሁ?"

መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ እርስዎማ ቀበቶ አለዎት" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። መኪና ውስጥ ያለው ነገር አብዛኛው ለተሳፋሪው የተሠራ ነው። ወንበሩ ለኔ፣ ስክሪኑ ለኔ፣ ቀበቶው ለኔ። ፍሬኑ ግን ግማሹ ወይም ከግማሹ በላይ የመንገደኛው ነው። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ግን ፍሬን ሳልጠግን ስቀር የምበላው የራሴን ድርሻ ብቻ አይደለም። አጎቴ በራሱ ነፍስ ላይ አደጋ መውሰድ ይችላል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ውሳኔው ያስከብረዋል። በሌላ ሰው ስም እሺ ማለት ግን አይችልም፤ ያ ሰው አልተጠየቀማ።

ደግሞ ያ ሰው ማን እንደሆነ የጉለሌ ልጅ ያውቀዋል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የለም። ሸክሙ ከራሳቸው ቁመት ይረዝማል፤ ወገባቸው ጎብጧል፤ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ነው። ዞረው ማየት አይችሉም። ቢያዩም ከነሸክማቸው ዘለው መሸሽ አይችሉም። የሚጠብቃቸው ጆሯቸው ነበር፤ የአይሱዙ ጩኸት ከሩቅ ይነግራቸው ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ግን ድምፅ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ በዝግታ ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገደደው ለእንዲህ ዓይነቱ እግረኛ ብሎ ነው። እነዚህ እናቶች ስለ ባትሪም ስለ ዲስክም የሚያውቁት ነገር የለም። ግን በየቀኑ፣ ሳያውቁት፣ በአጎቴ ፍሬን ላይ እምነት ጥለው ይወርዳሉ።

"አልፎ አልፎ ነው የምጠቀመው" የሚለው ክርክርስ? ይኼኛው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በሌላው ነገር ላይ ትክክል ነው። በዓመት አንዴ የምለብሰው ጫማ ቢቀደድ ለመጠገን አልቸኩልም። ፍሬን ግን ዋጋው በስንት ጊዜ ጥቅም ላይ እንደዋለ አይቆጠርም፤ ሲፈለግ መኖሩ ነው ዋጋው። እንደ ቃል ነው። አንድ ሰው ለዓመታት ቃሉን የሚፈትን ነገር ሳይገጥመው ሊኖር ይችላል። ሰው ሁሉ ታማኝ ይለዋል፤ እሱም ራሱን እንዲያ ያውቃል። በቸርኬው ቀዳዳ የሚታየው ፊት ያበራል። የውስጡን ፊት ግን ቁልቁለቱ ሳይመጣ ማን ያየዋል?

እዚህ ላይ ለአጎቴም እውነቱን ልስጠው። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። አጎቴ ኤሌክትሪክ የገዛው ፈላስፋ ስለሆነ አይደለም፤ ገበያው ላይ የቀረበለት እሱ ስለሆነ፣ የነዳጅ ሰልፍም ስለሰለቸው ነው። መኪናዋ መጣች፤ ዲስኳ ግን ከኋላዋ አልመጣም። የሌሎችን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ የሁላችንም ከሆነ፣ የሦስት ሳምንቱ ኪሳራ ለምን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል? መልስ የለኝም። የማውቀው፣ ኪሳራው ፍትሐዊ አለመሆኑ ለእንጨት ተሸካሚዋ የሚቀንስላት ነገር እንደሌለ ነው። አጎቴ ላይ የደረሰውን በደል አጎቴ ወደ እሷ ማስተላለፍ አይችልም። በደል እንደ ሎተሪ ትኬት አይሸጥም፤ የደረሰበት ሰው ዘንድ ቆሞ ነው መከራከር ያለበት።

መካኒኩም የራሱ ፈተና ነበረበት። "እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል" የምትለዋን ሁላችንም እናውቃታለን፤ በየቢሮው፣ በየፈተና አዳራሹ፣ በየኮንስትራክሽኑ ትሰማለች። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ናት። ከዚያ ጋራዥ 200 ሜትር ሳንርቅ የሚያስላጭልን ይገኝ ነበር። ግን ዓረፍተ ነገሯ የምትናገረው ስለ ሌላው ሰው ነው፤ ስለኔ ምንም አትልም። ሌላው ቢሠራው የሌላው ሥራ ይሆናል። መካኒኩ እንቢ ሲል ዓለምን አላዳነም፤ አጎቴንም አላሰረውም። ያደረገው ነገር ቢኖር አጎቴ ሳያውቅ እንዳይወስን ማድረግ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደሌላ ጋራዥ ብንሄድ ኖሮ፣ አውቀን ነበር የምንሄደው።

አልሄድንም። አጎቴ ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ቆየና ተመልሶ "እዘዝ" አለ። መካኒኩ የመኪና ማቆሚያ አላስከፈለውም፤ አንድ ጎረቤት አንዳንድ ቀን መኪናውን አከራየው፤ የቀረውን ቀን ቤት ተቀምጦ ተነጫነጨ። ዕቃው ሲመጣ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። መካኒኩ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የእጅ ፍሬኑን ሞተር ወደ ጥገና ሁኔታ አስገባው፤ በጉልበት ፒስተኑን የሚገፋ ሰው ያንን ትንሽ ሞተር ይሰብረዋል። ከዚያ የዲስኩን መቀመጫ በብረት ብሩሽ ፈትጎ አጸዳ። "ማንም አያየውም እኮ" አልኩት ለቀልድ። "ዲስኩ ያየዋል፤ ትንሽ ዝገት ከሥሩ ከቀረ ሲዞር ይወላገዳል" አለኝ።

ስንወጣ ለአጎቴ ሁለት ነገር አዘዘው። አንደኛ፣ ዳገት ላይ ስለሚያድሩ ባትሪውን ከ80 ወይም ከ90 ከመቶ በላይ አይሙሉት፤ ቁልቁለቱ የሚያስቀምጥበት ቦታ ይኑረው። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ የሞተሩን ፍሬን ዝቅ አድርገው ፔዳሉን ይርገጡ። ሳያስፈልግዎት ይርገጡ።

አርስቶትል ደግነት እንደ ሙያ በመሥራት የሚገኝ ነው ይል ነበር፤ ቤት በመሥራት ግንበኛ እንደሚኮን፣ ፍትሕ በማድረግም ፍትሐዊ ይኮናል። መልካም ነገር ይዞ መተኛትና በመልካም ነገር መሥራት እንደሚለያዩም ጽፏል፤ በኦሊምፒያ የሚሸለመው ጠንካራው ሳይሆን የተወዳደረው ነው ብሎ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ነው ያነበብኩት። ሳያስፈልግ መርገጥ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን አዲሱ ገበያ ነው። ትንሽ እውነት፣ ምንም በማታስከፍልበት ቀን፣ ለመናገር ያህል መናገር። ትንሽ እንቢታ፣ ምንም በማያሰጋበት ቦታ። ትልቁ ቀን ሲመጣ ሸራውና ዲስኩ እንግዳ እንዳይሆኑ።

አሁን አጎቴ እሑድ እሑድ ማልዶ ይወርዳል። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። አሁንም ይነጫነጫል፤ በከንቱ ሸራ መጨረስ ነው ይላል። መካኒኩ ዝም ቢል ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም። ከመታጠፊያው በታች ሦስት እናቶች እንጨት ተሸክመው በመንገዱ ጠርዝ ይወርዱ ነበር። አጎቴ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረገጠ። መኪናዋ ያለ ምንም ድምፅ ቀዘቀዘች። እናቶቹ ዞር ብለው አላዩንም።