ዝምታ ይነቅዛልን?

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እህል ይነቅዛል፣ እንጨት ይነቅዛል፤ ዝምታ ግን ቢያቆዩት አይበላሽም ማለቱ ነው። ይህን ተረት ስንሰማ አድገን፣ እኛም ስንደግመው ኖረን፣ እውነትነቱን መጠራጠር የጀመርነው ጥሩምባችንን ጉልበታችን ላይ አስቀምጠን ስንቆጥር ነው። ይህን የምንጽፈው ሁለት ጥሩምባ ነፊ ተማሪዎች ነን። ነገሩ እንዲህ ነው።

ጥሩምባ የተማርነው በማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። ባንድ ማለት ትንፋሽና ከበሮ ነው። ለዘመናዊ ሙዚቃ ወደ አገራችን መግባት አንዱ በር ይኸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ አዲስ አበባ ላይ የነፉት የናስ መሣሪያ ነው። በባንድ ውስጥ ጥሩምባ ጌታ ነው። ዜማው ብዙውን ጊዜ የእሱ ነው፤ ዕረፍቱም ጥቂት ነው። አንዱን ክፍል ሁለትና ሦስት ሰው ሆኖ ይነፋዋል። ያንዱ ከንፈር ሲደክም ጎረቤቱ ይሸፍንለታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለባንድ ይመስላል።

ኋላ ወደ አንድ ትንሽ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጠራን። እውነቱን ለመናገር ሹመት መስሎን ነበር። ገና ስንቀመጥ ቅኝቱ ተለወጠብን፤ ባንዳችን በ«ሲ ቤሞል» ይቃኝ ነበር፣ እዚህ ግን ኦቦዋ «ላ» ትሰጣለች። ኖታው ደግሞ በ«ሬ» ለተሠራ ጥሩምባ የተጻፈ ነው። በእጃችን ያለው የ«ሲ ቤሞል» ጥሩምባ ስለሆነ፣ «ዶ» ተብሎ የተጻፈውን በጭንቅላታችን አዙረን «ሚ» ብለን መንፋት አለብን። ይኸም ይለመዳል። ያልተለመደው ዕረፍቱ ነው። አርባ ስምንት ሜዠር ዝም፣ ሁለት ድምፅ፣ ደግሞ ሠላሳ ሜዠር ዝም!

ምክንያቱን ስንጠይቅ ታሪኩ ተነገረን። በሃይድንና በቤትሆቨን ዘመን ጥሩምባ ቫልቭ አልነበረውም፤ ስቶልትሰልና ብሉሜል በፕሩስያ ለቫልቭ መብት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። ከዚያ በፊት ተራው ጥሩምባ ሊያወጣ የሚችለው በተፈጥሮው ያሉትን ጥቂት ድምፆች ብቻ ስለነበር፣ ደራሲዎቹ ከቲምፓኒው ጋር አጣምረው በየመሸጋገሪያውና በየመዝጊያው ብቻ ያስገቡታል። ታሪኩ ገባን፤ ልባችን ግን አልረካም። ቫዮሊኖቹ ማታውን ሙሉ እጃቸው እስኪዝል ይሠራሉ፤ እኛ ተቀምጠን እናያቸዋለን። «በድምፅ ቁጥር ቢከፈለን እኮ በረሃብ አልቀን ነበር» እየተባባልን እንስቅ ነበር። ከሳቁ በስተጀርባ ግን አንድ የምር ጥያቄ ነበር። ለመሆኑ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሠርቷል ይባላልን?

መጀመሪያ የሰጠነው መልስ «አዎን» የሚል ነበር፤ ምሳሌም አላጣንለትም። እምቢልታን እንመልከት። የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ ከመሣሪያው የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ዜማው የሚገኘው አንዱ ዝም ሲል ሌላው ሲገባ፣ ሦስቱ ሲጠላለፉ ነው። ለብቻው የነፋ እምቢልተኛ ዜማ የለውም። ከባሕር ማዶም ብንወስድ፣ ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1806 በጻፈው ሦስተኛው የሌኦኖሬ መግቢያ ውስጥ አንድ ጥሩምባ ነፊ ከመድረክ ጀርባ ቆሞ ጥሪ ያሰማል፤ ሥራው በጥቂት ሰከንድ የሚያልቅ ነው። በኦፔራው ታሪክ ያች ጥሪ የምትሰማው የእስር ቤቱ ገዢ እስረኛውን ሊገድል ሲል ነው፤ ሚኒስትሩ መምጣታቸውን ታበስራለች፣ ሰውየውም ይተርፋል። ታዲያ ያ ነፊ ትንሽ ነው የሠራው ማን ይላል?

በዚህ መልስ ረክተን ሳለ ያ ምሽት መጣ። የምንጫወተው አንድ የሃይድን ሲምፎኒ ነበር። አርባ ስምንቱን ሜዠር ቆጠርን። አርባዎቹ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ተጠራጠርን፤ አርባ አንድ ነው ወይስ አርባ ሁለት? አንዳችን «እሱ ሲያነሳ አነሳለሁ» አልን። ሌላችንም ያንኑ አልን። ጥሩምባዎቹ ከጉልበት ሳይነሱ ቦታው አለፈ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከአድማጩ አንድም ሰው ያወቀ አልነበረም። መሪያችን ኋላ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማንን ነበር የምትጠብቁት?»

ኧረ ማንን ነበር? ይኸ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳን። ማንም ያላወቀው ጥፋት ጥፋት አይደለም ብለን ለመጽናናት ሞከርን፤ አልሆነም። እኛ አውቀናል፤ እርሳቸውም አውቀዋል፤ መግቢያዋን ከኛ ይጠብቅ የነበረው ቲምፓኒ መቺም አውቋል። ነገሩን ስንመረምረው መሸሸግን የተማርነው በባንድ ውስጥ ሆኖ አገኘነው። እዚያም ስንጠራጠር ጎረቤታችንን እንጠብቅ ነበር፤ የሌሎቹ ድምፅ ይሸፍነን ስለነበር አልታወቀብንም እንጂ። ለካስ ሰው በጩኸት ውስጥም ሊሸሸግ ይችላል! ይህን ስንል ባንዱን ማማችን አይደለም፤ ትንፋሹንም ከንፈሩንም የሰጠን እሱ ነው። መናገርና ዝም ማለት በራሳቸው በጎም ክፉም አለመሆናቸውን ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ ተረድተናል። የሚቆጥር ዝምታ አለ፤ የሚሸሸግ ዝምታም አለ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው መግቢያው ሲደርስ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ተቃውሞ ቢያነሳ አይፈረድበትም። «ዕረፍቱን የጻፈው ማነው? ስንቱ ሰው ነው ተራህን ጠብቅ እየተባለ ተራው ሳይደርስ ያረጀው? ትዕግሥትን የሚሰብኩት ሁልጊዜ ዜማው በእጃቸው ያለ ሰዎች አይደሉም ወይ?» ትክክል ነው። ኦርኬስትራን እንደ ኅብረተሰብ ምሳሌ አድርጎ መውሰድ ይህ አደጋ አለበት። ሆኖም ከኖታችን የተማርነው መለያ እዚህም ያገለግላል። ዕረፍት የተጻፈለት ሰው ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቁጥሩም ያልቃል፤ ሲያልቅም የሚነፋው ድምፅ ተጽፎለታል። መግቢያ የሌለው፣ ዕረፍት ብቻ የሞላበት ወረቀት ለማንም ሙዚቀኛ አይሰጥም። ተሰጥቶት ከሆነም ሰውየው ከኦርኬስትራው ወጥቷል ማለት ነው፤ ወንበሩ ላይ መቀመጡ ብቻውን አባል አያደርገውም። እንግዲህ ዝም በል የተባለ ሰው ሁለት ነገር የመጠየቅ መብት አለው፤ እስከ መቼ? ከዚያስ ምን? ዝም ያለ ሰው ደግሞ ራሱን ሊጠይቅ ግዴታ አለበት፤ እየቆጠርሁ ነው ወይስ ሌላው እስኪጀምር እየጠበቅሁ?

ስለዚህ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት አንጥለውም፤ ግን እናሻሽለዋለን። ገበሬ ለዘር ብሎ ያስቀመጠው እህል አለ። ወራቱ እስኪደርስ አለመዝራቱ ብልህነት ነው። ወራቱ አልፎ ጎተራ ውስጥ ከቀረ ግን ነቀዝ ሳይለይ ይበላዋል። ዝምታም እንደዚሁ ነው።

ያንኑ ሲምፎኒ ባለፈው ወር ደግመን ተጫወትነው። በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዳችን ለየብቻችን በጣታችን ቆጠርን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን አልተያየንም። አርባ ስምንት ሲሞላ ሁለታችንም አነሳን። የአንዳችን ድምፅ በጭንቀት ጥቂት ተሰነጠቀ፤ ይህን አዳራሹ በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም። መሪያችን ግን ራሳቸውን ነቀነቁልን። ገብተን ነበርና።