ለሐዘንተኛው የትኛው ቃል?

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው፣ ለሐዘንተኛው የተሰጠው ቃል እንደያዘው ትርጉም ይለያይበታል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የሚያዝኑትን «ብሌስድ» ይላቸዋል፤ በ1966 በቀላል እንግሊዝኛ የወጣው አዲስ ኪዳን ደግሞ «ሃፒ»። የግሪኩ ቃል ግን ያው አንድ «ማካሪዮስ» ነው። አማርኛው «ብፁዓን» ብሎ ከጣጣው አምልጧል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ደስ ይበልዎት» የሚል ማን አለ?

«ሃፒ» የመጣው ዕድል ወይም አጋጣሚ ከሚል የጥንት ቃል ነው፤ ነገር የቀናው እንደማለት። «ብሌስድ» ሰጪ ይፈልጋል፤ ባራኪ በሌለበት ቡሩክ የለም።

የደብሊን ተወላጁ ኤድመንድ በርክ በ1757 ስለ ግርማና ስለ ውበት ባሳተመው መጽሐፍ «ፕሌዠር»ን ከ«ዲላይት» ለየ። የመጀመሪያው በራሱ የቆመ ደስታ ነው። ሁለተኛው ሕመም ሲለቅ፣ አደጋ ሲያልፍ የሚመጣው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው ንጋት ላይ ጋብ ሲልለት የተጨመረለት ነገር የለም፤ የተቀነሰለት እንጂ። ቃሉ በተለምዶ እንዲህ እንደማይሠራበት በርክ ራሱ አምኗል። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ አይቸገርም ነበር፤ «እፎይ» አለለት።

ታዲያ ለሐዘንተኛው የተባለለት እፎይታ ነው? ወንጌሉ ቃል የገባለት መጽናናት ገና ወደፊት ነው፤ ብፅዕናው ግን እንባው ሳይደርቅ ተነግሮለታል። በርክ እዚህ ድረስ አያደርስም።

ደራሲው ሲ. ኤስ. ልዊስ ይሻላል። በ1955 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ «ጆይ»ን ከ«ሃፒነስ»ም ከ«ፕሌዠር»ም ነጠለው፤ ለእሱ ጆይ ከየትኛውም ጥጋብ የሚበልጥ፣ ያልረካ ናፍቆት ነው። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ደልድሎ፣ በጭራሮና በአበባ አስጊጦ የመጫወቻ አትክልት ቦታ ሠርቶለት ነበር። በኋላ፣ በአንድ የበጋ ቀን ያበበ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆሞ ያ ክዳን ትዝ አለው፤ ልቡን የሆነ ነገር ወግቶት ወዲያው ጠፋ። የአማርኛ አንባቢ «ትዝታ ነዋ!» ይል ይሆናል። ልዊስ የናፈቀው ግን ክዳኑን አልነበረም።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ጆይ የምትባል አሜሪካዊት አገባ። በ1960 ካንሰር ወሰደበት። በቀጣዩ ዓመት የሐዘን ማስታወሻውን አሳተመ፤ ሽፋኑ ላይ ያኖረው ግን የራሱን ስም ሳይሆን የብዕር ስም ነበር።