የእንበረምና የዮካብድ ስም



ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ ሁለት የሙሴን ልደት ሲተርክ የወላጆቹን ስም አይጠራም፤ ከሌዊ ወገን መሆናቸውን ብቻ ይነግረናል። ሕፃኑ በደንገል ሣጥን በወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ የፈርዖን ልጅ አሳድጋው፣ ለእግዚአብሔር ሥራ ከተጠራ በኋላ ግን በምዕራፍ ስድስት እንበረምና ዮካብድ ተብለው ተጽፈው እናገኛቸዋለን። ሙሴም አሳዳጊው ያወጣችለትን ስም እስከ ዕለተ ሞቱ አልጣለም። እንግዲህ ወላጁን የሚፈልግ ልጅ አሳዳጊውን ካደ አይባልም።

ከ1991 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ከ15,000 በላይ የሀገራችን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። መንገዱ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቢዘጋም የሄዱት አድገው ይጠይቃሉ። በዚያ አገር ሕጉ እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ካንሳስና አላስካ ለአካለ መጠን ለደረሰ የጉዲፈቻ ልጅ የመጀመሪያውን የልደት ምስክር ወረቀት ከልክለው አያውቁም። በኒውዮርክ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማይከፈተው መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ 18 ዓመት ለሞላው ተፈቀደ፤ በ2024 ሚኒሶታ ተከተለች።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሕጎች የሚከፍቱት እዚያው የተወለደውን ልጅ መዝገብ ነው። የእኛ ልጆች ማስረጃ ያለው እዚህ ነው፤ በፍርድ ቤት፣ በሕፃናት ማሳደጊያ፣ አንዳንዴም በቁምስናችን የጥምቀት መዝገብ። (ወላጅ በሕይወት ሳለ ሞቷል ተብሎ የተጻፈበት ወረቀትም አልታጣም፤ ይህ ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።) የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 877 የጉዲፈቻ ልጅ ሲጠመቅ የአሳዳጊዎቹ ስም እንዲጻፍ፣ በመንግሥት መዝገብ የሚጻፍ ከሆነም የወላጆቹ ስም እንዲጨመር ያዝዛል። ስለዚህ ያን መዝገብ ከእርጥበትና ከምስጥ መጠበቅ የምሕረት ሥራ ነው።

ነገሩ ግን የልጁ ብቻ አይደለም። በችግር ወይም በኀፍረት ልጅዋን የሰጠች እናት ምስጢርዋን ለባልዋ እንኳ ሳትገልጥ ኖራ ይሆናል። የሙሴን እኅት አስቡ፤ በሩቅ ቆማ ጠበቀች፣ ጊዜው ሲደርስም እናትና ልጅን አገናኘች፣ የማንንም ምስጢር አላወጣችም።

መምህራን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ወጣት ቢመጣ ወደ ቆሞሱ አድርሱት እንጂ ወሬውን በመንደር አትንዙ። እናቲቱ ካለች የምታምነው ሰው አስቀድሞ ለብቻዋ ይጠይቃት። እምቢ ብትል እንኳ ለልጁ እውነቱ ይነገረው፤ እንዳለችና ገና ልታየው እንዳልቻለች።