ምኞት ለመቶ ስድሳ ሲካፈል

በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በጃፓን አንድ ዓይነት አምሮት የያዛቸው ጎልማሶች አሉ። አምሮታቸው ሹመት አይደለም፤ ቪላ ቤትም አይደለም። በመዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የአንድን እውነተኛ የናፍጣ ባቡር መልክ ሳያዛንፍ የያዘ ትንሽ ሎኮሞቲቭ እንዲሠራላቸው ነው የሚመኙት። ሲገናኙ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ለአምራቾች በዝርዝር ጽፈው የሚልኩትም ይህንኑ። ይህኛው ዓይነት እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ያኛው ቢወጣም የአፍንጫው ቁልቁለት ተበላሽቷል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወጥቶ ነበርና አሁን በደንብ ተደርጎ እንደገና ይሠራልን። የሚገርመው፣ «አዲስ» እያሉ የሚለምኑት ሁሉ አሮጌ ነው። አብዛኛው ከሀዲድ ላይ ከተነሣ ዘመን ያስቆጠረ፣ ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ የተሸጠ ማሽን ነው።

ይህን የሰማ ያገራችን ሰው የመጀመሪያ መልሱ ሣቅ ነው። ጢም ያበቀለ ሰው በአሻንጉሊት! ሣቁን እረዳዋለሁ። ይሁንና ሣቁ ካለፈ በኋላ የሚቀር ጥያቄ አለ። ሰው ለማይበላውና ለማይለብሰው ነገር ይህን ያህል ትክክለኛነት መጠየቁ ከንቱነት ነው ወይስ አንድ ዓይነት ታማኝነት? ታማኝነት ነው ካልንስ፣ ለማን?

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ ጥቂት እንበል። ከትንንሾቹ መጠኖች ዋነኛው «ኤን» የሚባለው ነው። በሀዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ የእውነተኛው ባቡር እያንዳንዱ ልክ ለ160 ተካፍሎ ይሠራል። መንገዱን የከፈተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኑረምበርጉ አርኖልድ ኩባንያ ነው። በ1972 ደግሞ ሜርክሊን ከዚህም አሳንሶ፣ ለ220 የተካፈለውን «ዜድ» አመጣ፤ የሱ ሀዲድ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን አንድ ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። የጄኔራል ሞተርስ የባቡር ክፍል ከ1972 ጀምሮ የሠራው «ኤስዲ 40-2» በሰሜን አሜሪካ የጭነት ባቡር ታሪክ ውስጥ እንደ ጋማ ከብት ያገለገለ ማሽን ነው፤ ወደ 4000 የሚጠጉ ተሠርተዋል። ርዝመቱ 21 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 167 ቶን ያህል ነው። ርዝመቱን ለ160 ብናካፍለው 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ክብደት ግን በርዝመት፣ በወርድና በቁመት ስለሚቀንስ ሦስት ጊዜ ለ160 መካፈል አለበት። ውጤቱ 41 ግራም ነው፤ የአንዲት የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ያህል። በልኩ ታማኝ ሆኖ የተሠራ ሎኮሞቲቭ እንግዲህ ጎማው ሀዲዱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል፤ ፉርጎዎቹን ሊስብ ሲነሣ ባለበት ይሽከረከራል። ስለዚህ አምራቹ ሆዱን በብረት ድፍን ሞልቶ ያከብደዋል። ሠራተኛው ይዞት የሚወጣው የእጅ መደገፊያ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ በሞዴሉ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ክር መሆን ነበረበት። ፕላስቲኩ ስለማይችለው ይወፍራል። ድሮማ ሞተሩ አልገባ እያለ ስንቱ ሎኮሞቲቭ ከነጎኑ አብጦ ነው የተሠራው።

ነገሩ ለእኔ የፍልስፍና ጥያቄ የሆነብኝ እዚህ ላይ ነው። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» አሥረኛ መጽሐፍ ሠዓሊውን የነቀፈው የአልጋን መልክ እንጂ አልጋን አያውቅም ብሎ ነው። የባቡር ሞዴል ግን ለመልኩ ብቻ አይሠራም፤ መሄድም መሳብም አለበት። እንዲስብ ደግሞ ክብደቱ መዋሸት አለበት። መልኩን ብቻ ልጠብቅ ያለ ሰው ቆሞ የሚታይ ጌጥ ያገኛል፤ ሥራውን ልጠብቅ ያለ የመልክ ስሕተት ይቀበላል። ስለዚህ የዚህ ሰው ምኞት ሲመረመር፣ «ውሸት የሌለበት ነገር ስጡኝ» ማለት ሳይሆን «የትኛውን ውሸት እንደምችል እኔ ልምረጥ» ማለት ሆኖ አገኘዋለሁ። ይህ ደግሞ ከአሻንጉሊት ዓለም ውጪም የማውቀው ምርጫ ነው። የሟች አባቱን ታሪክ ለልጆቹ የሚያወራ ሰው ምን ያደርጋል? አሳጥሮ ነው የሚያወራው። ሲያሳጥርም አንዱን ያወፍራል፣ ሌላውን ያቀጥናል።

የእኛ ሰፈር ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩትን መኪና አንባቢ ያስታውስ። መልኩ መኪና አይመስልም ማለት ይቻላል። ነገር ግን መሪው ሲዞር የፊት ጎማው መዞር አለበት፤ ይህ ካልሆነ ልጁ ሥራዬ ብሎ አይዘውም። ልጁ ምርጫውን አድርጓል። ፈረንሣዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ትናንሽ ሞዴሎች ሲጽፍ፣ ትልቅን ነገር የምናውቀው ክፍል በክፍል እየሄድን ሲሆን ትንሹን ግን ከክፍሎቹ በፊት ሙሉውን እንደምናየው ያስረዳል። ሃያ አንድ ሜትር ብረት አጠገብ የቆመ ሰው የሚያየው ጎማ ነው፤ ወይም ደረጃ። ሞዴሉን የያዘ ሙሉ ባቡር ያያል። ምኞቱ ከዚህ የሚመነጭ ከሆነ ልሥቅበት አልችልም።

ታዲያ ሁሉም ምኞት አንድ አይደለም። ሣጥኑን ሳይከፍት መደርደሪያ ላይ የሚደረድር አለ። የሱ አምሮት የቁጥር አምሮት ነው፤ ከወርቅ ሰብሳቢ የሚለየው ዕቃው መርከሱ ብቻ ነው። ሌላው ግን የአየር ማስገቢያው ወንፊት በየትኛው ጎን እንደነበረ ይጠይቃል። ለማን ብሎ? ያንን ወንፊት ያጸዳ የነበረው መካኒክ ቢያየው እንዳያፍርበት ይመስለኛል። ታማኝነቱ ለማሽኑ አይደለም፤ ማሽን ታማኝነት አይቆጥርም። ማሽኑን በእጃቸው ለሚያውቁት ሰዎች ነው።

ግን ከባዱን ጉዳይ አልፌው እንዳልሄድ። ምኞት የሚፈጸመው በገበያ ነው። የሎኮሞቲቩ አካል የሚወጣበት ሻጋታ ከብረት ተቆርጦ ነው የሚሠራው፤ ወጪው የሚመለሰው ዕቃው በብዛት ከተሸጠ ነው። ስለዚህ አምራች የሚመርጠው በብዙ ድርጅቶች እጅ የነበረውን፣ በአንድ ሻጋታ ወጥቶ ዛሬ ሰማያዊ ነገ ቀይ ተቀብቶ የሚሸጠውን ነው። 4000 የተሠራለት ማሽን ጠበቃ አያጣም። የፌርባንክስ ሞርስ «ትሬይን ማስተር» ግን እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1957 የተሠራው 127 ብቻ ነው። ሞተሩ ከሰርጓጅ መርከብ የመጣ ዓይነት ሲሆን፣ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይጋጠሙበት ነበር። 2400 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በዘመኑ አቻ አልነበረውም። ሲበላሽ ግን የላይኛውን የክራንክ ዘንግ ሳያወርዱ ፒስተኑን ማውጣት ስለማይቻል የጋራዡን ሠራተኛ ያማርር ነበር። ተሸነፈ። ዛሬ ሙሉ አካሉ ተጠብቆ የቀረው አንድ ሲሆን፣ እሱም በካናዳ ሙዚየም ይገኛል። እንዲህ ያለ ተሸናፊ በትንሽነት እንኳ የሚኖረው ጥቂት ግትሮች ደጋግመው ሲለምኑለት ነው። የታሪክ ጸሐፊ በአንድ አንቀጽ ያለፈውን እነሱ ከነብሎኑ ይጠይቁታል።

ትክክለኛነትም ዋጋ የሚያስከፍለው ገዢውን ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ሞዴሎች አብዛኞቹ በቻይና ፋብሪካዎች ነው የሚገጣጠሙት፤ ጥቃቅኑ ቱቦና መደገፊያም በሰው እጅ ነው ቦታው የሚገባው። ከ0.3 ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይውረድልኝ የሚል ሰው ስለ አንዲት ሠራተኛ ዓይን ጭምር እየተናገረ ነው። ወንፊቱን ላጸዳው መካኒክ የሚጨነቅ ልብ፣ ወንፊቱን ለምትለጥፈዋ ሴት ካልተጨነቀ ታማኝነቱ ጎደሎ ነው። ስለዚህ ሲወራ ግን ብዙም አልሰማሁም።

ወደ ሀገራችን ብመጣ ሰበብ ፈልጌ አይደለም፤ የራሳችን ናፍጣ ባቡር ስለነበረን ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የእንፋሎቱ ዘመን ሲያበቃ በናፍጣ ባቡሮች ተተካ፤ ከእነሱም መካከል ከፈረንሣይ የመጡት የአልስቶም ሎኮሞቲቮች ይገኙባቸዋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አሮጌው መስመር አብዛኛው ሥራ አቁሟል፤ በድሬዳዋ ግቢ የቆሙት ናፍጣዎችም ቀለማቸው በፀሐይ እየገረጣ ነው።

የዚያ ሀዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ለ160 ሲካፈል 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ሜርክሊን ለ«ዜድ» ካወጣው 6.5 ጋር በሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ የሚለያይ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋን ባቡር አሳንሶ ለመሥራት የሚሆን ሀዲድ ከገበያ ይገኛል ማለት ነው። መንገዱን በሙሉ መዘርጋት ግን አይታሰብም። ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መስመር ለ160 ተካፍሎም አምስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ለገሀር ለመድረስም ከ14 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ይመረጣል፤ የአዋሽ ድልድይ ወይም የድሬዳዋ ጣቢያ።

ሎኮሞቲቩን ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይሠሩታል ብዬ አልጠብቅም። ለማኙ ጥቂት ነውና የብረት ሻጋታ አያስቆርጥም። ዛሬ ግን ስሪ ዲ ፕሪንተር የሚሉት መሣሪያ ያለ ሻጋታ፣ ከሙጫ፣ አምስትም ስድስትም አካል ማውጣት ይችላል። የሚፈልገው ልክ ነው። የአፍንጫው ቁልቁለት፣ የመስኮቱ ስፋት፣ በየጎኑ ያሉት ወንፊቶች ቁጥር፣ ከመደገፊያው እስከ ደረጃው ያለው ርቀት። ማሽኖቹ ቆመዋልና ሜትር ይዞ የሄደ ሰው ይለካቸዋል። ቀለሙን ግን ፀሐይ ካልደረሰበት ቦታ፣ ከበሩ ማጠፊያ ሥር ወይም ከውስጥ በኩል ፈልጎ ማየት ይኖርበታል። ካላገኘም የነዱትን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ እነሱም በቀለሙ ላይ ሳይከራከሩ አይቀሩም።