በሰው ደጅ ስለ መስገድ

ሰው የእርሱ ወዳልሆነ ቤተ ጸሎት ሲገባ ምን ያህል ማክበር ይገባዋል? አክብሮቱስ ከምን ላይ ሲደርስ ነው ማስመሰል የሚሆነው? ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ፣ ደሴ ሳለሁ ያስተማርኩት፣ ዛሬ በጃፓን አገር የሚማር ወጣት ነው።

ወጣቱ በኪዮቶ ከተማ ከአንድ አስጎብኚ ጋር በብስክሌት ሲዞር ውሎ በአንድ ቀን ሰባት ስፍራ አየ። (ሰባት መብዛቱን ነግሬዋለሁ።) ኪዮቶ እስከ 1868 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ የነበረች፣ አብዛኛዋም ሜዳ በመሆኑ ለብስክሌት የምትመች ከተማ ናት፤ የቡድሃና የሺንቶ መቅደሶች ሞልተውባታል። ወደ ሺንቶው መቅደስ የሚገባ ሰው እጁንና አፉን በውኃ ያጠራል፤ ከፊት ቀርቦም ሁለት ጊዜ እጅ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ እንደ ገና አንድ ጊዜ እጅ ይነሣል። አስጎብኚው ይህን አሳይቶ «እናንተም አድርጉ» ባላቸው ጊዜ ጓደኞቹ እየሳቁ አደረጉ። የእርሱ እጅ ግን አልታዘዝ አለው። «ጋሼ፣ ብሰግድ መዋሸቴ ነው፤ ተገትሬ ብቀር ደግሞ ሰዎቹን የናቅኋቸው መሰለኝ» ሲል ጻፈልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብስክሌት የነዳ ሰው፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካስተማሩበት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይደርሳል። ከኮምቦልቻ የተነሣም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐጂ ቡሽራ ያስተማሩበትን ጌታን ሊያይ ይችላል። በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ደጅ ጫማ ይወልቃል። ጫማ ማውለቅ የቤቱን ሥርዓት ማክበር ነው እንጂ ሃይማኖቱን መቀበል አይደለም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ መምህራን ግን የሌላውን ደጅ መርገጥ ራሱ ኃጢአት ነው ይሉ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ሶርያዊው ንዕማን፣ ጌታው በእጁ ተደግፎ በሬሞን ቤት ሲሰግድ አብሮ ማጎንበሱ ይቅር እንዲባልለት ነቢዩ ኤልሳዕን በለመነ ጊዜ፣ ኤልሳዕ በሰላም አሰናበተው፤ አልረገመውም። ሆኖም ንዕማን ሎሌ ነበረ፤ የእኔ ተማሪ ግን ከፍሎ የሚጎበኝ ሰው ነው፤ ማንም አላስገደደውም።

ማስገደድ ምን እንደሆነማ የወሎ ሰው ያውቃል። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሌላው ተሰደደ፤ ሌላውም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ያቆየውን መከባበር እዩ። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ሙስሊም ያረደውን ሥጋ ለብቻው ያሰናዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። «የእኔን ካልበላህ አትወደኝም» የሚል የለም። እኔ በዕድሜዬ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይልቅ ይህ ሁለት ድስት አስተምሮኛል።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ ባርኔጣህን አውልቅ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ የሚጸልየውን ሰው ፎቶግራፍ አታንሣ። እጅ መታጠቡን እኔ እንደ ጫማ ማውለቅ እቈጥረዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊፈርድ ይችላል። ጭብጨባው ግን ለአምላካቸው የሚቀርብ ነው። ሰዎቹን የናቁትስ እየሳቁ ያጨበጨቡት ጓደኞችህ ናቸው፤ አንተ አይደለህም።

ወጣቱ በዚህ አልረካም። በዚያው ከተማ ሳይሆጂ የሚባል፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ በሸፈነ የድንጋይ ሽበት የታወቀ የቡድሃ መቅደስ አለ። ጎብኚ ስለ በዛበት ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ አስቀድሞ ያላመለከተ አይገባበትም፤ የገባውም የአትክልቱን ስፍራ ከማየቱ በፊት ተቀምጦ የቡድሃን ቅዱስ ጽሑፍ ይገለብጣል። ሥርዓቱን ወድጄዋለሁ፤ የሚቸኩለውን ብስክሌተኛ ያስቀምጠዋልና። «ታዲያ እኔስ ልገልብጥ?» አለኝ። ከጫማው ወገን ነው ወይስ ከስግደቱ? ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። በሐይቅ ገዳም ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው መጻሕፍት የገለበጡት መነኰሳት ሥራቸውን እንደ ጸሎት እንጂ እንደ መግቢያ ዋጋ አልቈጠሩትም። ይህን የሚያውቅ የወሎ ልጅ የሌላውን ጸሎት አትክልት ለማየት ብሎ ሊገለብጥ አይገባውም። አትክልቱ ይቅርብህ፤ ብስክሌትህን ከአጥሩ ውጭ አቁመህ ጥቂት ተቀመጥና ተመለስ ብዬ ጻፍኩለት።